ከጉቶ እስከ ወጋግራ፦ የእንጨት መስቀለኛ ቃላት አዘገጃጀት

የአማርኛ መስቀለኛ ቃላት የሚበላሸው በቃል እጥረት አይደለም። አንድ ሳጥን የሚይዘው አናባቢውን የተሸከመ ሙሉ ፊደል ነውና «ማገር» እና «ግንድ» ሊጋጠሙ አይችሉም፤ «ገ» እና «ግ» አንድ ሳጥን አይጋሩም። ይህን ረስቶ የጀመረ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ላጲስ ያነሳል። ጎንደር ላይ ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ወይም ለሰፈር ወጣቶች ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሰው እንጨትን ርዕስ ቢያደርግ ግን ያዋጣዋል፤ ቃሎቹ አጫጭር ናቸው፣ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 4 ፊደል፤ የሚያውቋቸውም ሰዎች እዚያው ከተማው ውስጥ አሉ።

መጀመሪያ ቃል ይሰብሰብ። ቢያንስ 40 ቃል ሳይዙ ሰንጠረዥ አይሥሩ። ቅዳሜ ገበያ ከሚወጣ ገበሬ ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ መንሽና ላይዳ ይገኛሉ። ከአናጺ መሮ፣ መላጊያ፣ ሽብልቅ፣ ሰጋቱራ። ከማጀት ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ ገበቴ። ከቆሎ ተማሪ ደግሞ መቋሚያ፤ አቋቋም በሚማሩባት ጎንደር ይህን ቃል ለመጠየቅ ብዙ መሄድ አያስፈልግም።

ሲሰበስቡ ትርጉሙን አጥርተው ይጻፉ፤ ፍንጩ የሚወለደው ከዚያ ነው። ጉቶ ዛፉ ተቆርጦ መሬት ላይ የቀረው ነው፣ ግንዲላ ተቆርጦ የወደቀው። ፍልጥ በምሳር የተሰነጠቀ፣ ጭራሮ ሳይፈለጥ የሚነድ ቀጭን ደረቅ ቅርንጫፍ። ቅርፊት የዛፉ ልብስ ነው፤ ለማሰሪያ ተልጦ ሲወጣ ግን ልጥ ይባላል። ድግር ከማረሻው ግራና ቀኝ ሆነው አፈሩን የሚከፍቱት ሁለት እንጨቶች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ማረሻና ወገል ብረት፣ ምራን ደግሞ ጠፍር ነው። የእርሻ ዕቃ ናቸው ብሎ እንጨት ውስጥ የከተታቸው አዘጋጅ ከገበሬ ልጅ ስድብ አያመልጥም።

ቃሎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ በሁለት መንገድ ይደርደሩ፤ አንድ ጊዜ በመጀመሪያ ፊደላቸው፣ አንድ ጊዜ በመጨረሻው። ወዲያው የሚታይ ነገር አለ። በ«ር» የሚያልቀው ብዙ ነው፦ ሞፈር፣ ማገር፣ ምሳር፣ ግራር፣ ድግር፣ በትር፣ ቀንበር። በ«ር» የሚጀምር የእንጨት ቃል ግን ቢፈልጉ አያገኙም። ስለዚህ «ር» የሚቀመጠው ሰንጠረዡ ዳር፣ ቀኝ ወይም ታች ነው። ወይም ደግሞ ሁለት ቃላት በጅራታቸው የሚገናኙበት ጥግ ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ግማሹን ድካም ያቀላል።

አሁን አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ እንሥራ፣ 5 በ5።

ወ ጋ ግ ራ ■
ይ ■ ን ■ ■
ራ ■ ድ ግ ር
■ ■ ■ ራ ■
ቀ ን በ ር ■

ረጅሙን ቃል፣ ወጋግራን፣ ላይ በአግድም አስቀመጥን። ከ«ወ» ቁልቁል ወይራ ወረደ፣ ከ«ግ» ቁልቁል ግንድ። ግንድ በ«ድ» አለቀና ድግርን በአግድም ጀመረልን። ከድግር መካከል ያለው «ግ» ግራርን ወደ ታች ሰደደ፤ የግራር «ር» ደግሞ የቀንበር መጨረሻ ሆነ። ስድስት ቃል፣ 20 ፊደል፤ 5ቱ ሳጥኖች የጋራ ስለሆኑ ነጩ ሳጥን 15፣ ጥቁሩ 10 ነው። ሲጨርሱ እንዲህ ይቁጠሩ፦ የቃላቱ ፊደል ድምር ሲቀነስ መገናኛዎቹ ከነጭ ሳጥኖች ቁጥር ጋር እኩል ካልሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆጠራው ተሳስቷል ማለት ነው። ሁለት ቃላት ሳይታሰብ ሲጎራበቱ ግን ቆጠራው አያጋልጥም፤ እያንዳንዱን ረድፍና ዓምድ ማንበብ ያስፈልጋል። ሞፈርን በአምስተኛው ዓምድ ቁልቁል አውርደን ከድግር «ር» ጋር ልናጋጥም ብንሞክር ይኸው ይደርሳል፤ «ሞ» ከወጋግራ ጎን ትለጠፍና «ወጋግራሞ» የሚባል እንጨት እንፈጥራለን።

የዚህ ሰንጠረዥ ድክመትም አይደበቅም፤ ሰንሰለት ነው። ወይራና ቀንበር በአንድ ሳጥን ብቻ ተንጠልጥለዋል። ለመለማመጃ ይበቃል፤ ለሰው ሲቀርብ ግን 9 በ9 ይሁንና እያንዳንዱ ቃል ቢያንስ ሁለት ቦታ ይሻገር። የእንጨት ቃላት 10 ያህል ይብቁ፤ የቀረውን ተራ ቃል ይሙላው። ሁሉንም እንጨት ላድርግ ያለ ሰው መጨረሻ ላይ ራሱ የፈጠረውን ቃል ሲያስገባ ይገኛል።

ፊደል ላይ ሁለት ውሳኔ ያስፈልጋል። አንደኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ሥር ወይስ ስር? ዕፅ ወይስ እጽ? «ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ» ብሎ ከሰንጠረዡ ራስ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ጭቅጭቁን ይዘጋል። የቅኔ ተማሪዎች ለሚፈቱት ከሆነ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፣ ጥንቱን ፊደል ይጠብቁ፤ «ዕፅ»ን በ«ጽ» ቢያዩ ወረቀቱን ይመልሱልዎታል። ሁለተኛው ሆሄው የሚዋልል ቃል ነው። መላጊያን «መላግያ»፣ ቀርከሃን «ቀርቀሃ» ብሎ የሚጽፍ አለ። የሚያከራክረው ፊደል መሻገሪያ ሳጥን ላይ እንዳይወድቅ ያድርጉ። «ቋ» አንድ ሳጥን ነው፤ መቋሚያ አራት ሳጥን ይይዛል እንጂ አምስት አይደለም።

ወደ ፍንጩ ስንመጣ፣ «የዛፍ ዓይነት (3)» ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው። ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ዋርካ ሁሉም ሦስት ፊደል ናቸው፣ ሁሉም በራብዕ ያልቃሉ። ፈቺው የመጨረሻውን ፊደል ቢያገኝ እንኳ ብዙ አይጠቅመውም። ዛፎችን በመጀመሪያ ፊደላቸው ያሻግሩ፣ ፍንጩንም ከሥራቸው ወይም ከተረቱ ይውሰዱ። «ይነቅዛል ወይ ቢሉ፣ ለእንጨት ሁሉ ማን አስተማረና የተባለለት» ብሳና ነው። «በወደቀ ዛፍ ላይ ይበዛል» ምሳር። «በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» ዋርካ፤ ለጎንደር ልጅ ደግሞ «ጃንተከል ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ» ቢሉት ሳይጨርሱለት ይጽፈዋል።

የሚያስደስቱት ግን ሁለት ትርጉም ያላቸው ናቸው፤ «እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ» እያለ ላደገ ሰው እንግዳ አይደሉም። ዱካ ዝቅ ያለ መቀመጫም የእግር ኮቴም ነውና፦ «ሲሄዱ ይተዉታል፣ ሲያርፉ ይቀመጡበታል»። እርፍ፦ «ገበሬው ጨብጦት ይውላል፣ ሲደክመው ይለዋል»። ኮሶ፦ «ዛፉም በሽታውም መድኃኒቱም»። ዕፅ፦ «ጥንት እንጨት፣ ዛሬ አደንዛዥ»። ከመተማ በኩል ዕጣን የሚሰጠው ዋልያ መቀርም አለ፦ «ስሙ እንደ ስሜን አውሬ ይጀምራል፣ ደሙ ይጤሳል (3፣3)»። ሁለት ቃል ሲሆን የየራሱን ቁጥር መጻፍ ግዴታ ነው፤ «6» ብቻ ካሉት ፈቺው አንድ ረጅም ቃል ሲፈልግ ያመሻል።

ፈቺ ለሆነ ሰውም ትንሽ እንበል። ፍንጩ መሣሪያ ከጠየቀ መጀመሪያው ሳጥን ላይ በስሱ «መ»፣ ቃሉ አራት ወይም ከዚያ በላይ ፊደል ካለው መጨረሻው ላይ «ያ» ይሞክሩ፦ መላጊያ፣ መጥረቢያ፣ መቀርቀሪያ። ሦስት ፊደል ከሆነ መጋዝ ወይም መንሽ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳጥን ብቻ ካዩ ደግሞ ጥድ፣ ጉቶ፣ ልጥ፣ ባላ፣ መሮ፣ ፋስ እያሉ ቢቆጥሩ ይደርሱበታል። የተሻገረው ፊደል አልስማማ ሲል ቃሉን ከመጣል በፊት ድምፁን ይመርምሩ፤ ጎን ለጎን ያለው ቃል «ጣድ» አስብሎዎት ሊሆን ይችላል፣ የሚፈለገው ጥድ ሆኖ ሳለ።

ከማሳተም በፊት ሰንጠረዡን ለሁለት ሰው ይስጡ፤ አንዱ ገጠር ያደገ፣ አንዱ ፒያሳ። ሁለቱም ያልፈቱት ፍንጭ ይቀየር። የገጠሩ ብቻ የፈታው ይቆይ፣ መሻገሪያ ግን ይጨመርለት። መልሱን እዚያው ገጽ ግርጌ ገልብጦ ማተም አያስፈልግም፣ በሚቀጥለው እትም ይውጣ።