ፍሪዘሩ እየሠራ ታችኛው ክፍል ለማይቀዘቅዝ ፍሪጅ

ኖ ፍሮስት (በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥ) ፍሪጅ ነው። ፍሪዘሩ በረዶ ይሠራል፤ ታች ያለው ወተት ግን ይበላሻል። ቴርሞስታቱን ከፍ አደረግኩ፣ የበሩን ጎማ አጠብኩ፣ ከኋላ ያለውን አቧራ ጠረግኩ። ለውጥ የለም። ጋዝ አልቋል ተባልኩ፤ ፍሪዘሩ በደንብ እየቀዘቀዘ ይህ አልዋጥልህ አለኝ።

ሶኬቱን ነቅዬ የፍሪዘሩን የውስጥ ሽፋን ፈታሁ። ጉዱ እዚያ ነበር። ጋዙ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች በነጭ በረዶ ተጠቅጥቀዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች የሚወርድበት ቀዳዳም ተደፍኗል። በሩን ከፍቼ እስኪቀልጥ ተውኩት። እባካችሁ በቢላ አትፈንቅሉት፤ ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ይወጣል።

ሲቀልጥ ሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ያው ሆነ። በረዶ አቅላጩን ሂተር በመልቲሜተር ለካሁ፤ ደህና ነው። ለሂተሩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው የዲፍሮስት ቴርሞስታት ግን ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ሲገባው አያሳልፍም። እሱን ቀየርኩ። አሁን ታችኛው ክፍል 4 ዲግሪ ላይ ነው።