የማያም የአንገት ንፍፊት፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ጉሮሮ ሲቆስል ወይም ጥርስ ሲያመረቅዝ አንገት ላይ ንፍፊት ይወጣል። ሲነኩት ያማል፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሟሽሻል። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። የሚያሳስበኝ የማያመው ነው።

ምልክት፦ ሳምንታት ያለፉት፣ የማያም እብጠት

ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይጀምራል። መጀመሪያ ጠንከር ያለ፣ በጣት ሲገፉት የሚንሸራተት እጢ ነው። ቀስ እያለ ጎረቤቶቹም ያብጡና እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ያኔ በጣት ብትዳስሱት እንደ አንድ ጓል ነው። ቆይቶ መሃሉ ይለሰልሳል። መግል ይይዛል፣ ግን እንደ ብጉንጅ አይግልም፣ አይጠዘጥዝም።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቲቢ ነው። «ሳል እንኳ የለብኝም!» ይሉኛል። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀመጥም። ከሳንባ ውጭ በብዛት ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱ እጢ ነው፤ ከእጢ ደግሞ የአንገቱ ይበዛል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ላይኖሩ ይችላሉ።

ደጋግሜ የማየው ጥፋት

አንድ ወጣት አራት ባዶ የአንቲባዮቲክ ማሸጊያ ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ። አምስት ወር ሙሉ ሲውጥ ከርሟል። የመጀመሪያውን ዙር እረዳለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን አንድ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። አንደኛው ማሸጊያ ሌቮፍሎክሳሲን ነበር። ይሄ መድኃኒት ቲቢንም ስለሚመታ እብጠቱን ለጊዜው ይቀንሰዋል። ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ ምርመራው ይጓተታል፣ ተህዋሱም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። እባካችሁ፣ ንፍፊቱ ሳይመረመር ሌቮፍሎክሳሲን አትዘዙ። እብጠት የሚያጠፋውን ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎንንማ ጨርሶ! ሊምፎማ (የእጢ ካንሰር) ከሆነም ይደብቀዋል።

ከዚህ የባሰው ቢላዋ ነው። አንዲት እናት ሻርፗን ስትፈታ አንገቷ ላይ ያለው ጨርቅ ረጥቦ ነበር። እብጠቱ እንደ ብጉንጅ ተቀዶላት ቁስሉ ስምንት ወር አልገጠመም። የቲቢ እጢ ሲቀደድ እንዲህ መንገድ አበጅቶ ማዠት ይቀናዋል። አይቀደድም!

መፍትሄው

ከእጢው ናሙና በቀጭን መርፌ መውሰድ። በደቂቃዎች ያልቃል። መርፌው ውስጥ ብዙ ጊዜ የተፈረፈረ አይብ የመሰለ ነጭ ነገር ታያላችሁ። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ ለጂን ኤክስፐርት (የተህዋሱን ዘረመል ለሚፈልገው ማሽን) እና ለካልቸርም (ተህዋሱን በላብራቶሪ ለማብቀል) ይላክ። ካልቸር ሳምንታት ይፈጃል፤ ጂን ኤክስፐርት ግን በሰዓታት ውስጥ ቲቢውንም፣ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲንን፣ የተላመደ መሆኑንም ይናገራል።

እጢ ውስጥ ያለው ተህዋስ ጥቂት ስለሆነ «አልተገኘም» የሚል ውጤት «ቲቢ የለም» ማለት አይደለም። ጥርጣሬው ካለ ባዮፕሲ ይሠራ፤ ማለትም እጢው ወይም ቁራጩ ወጥቶ ይመርመር። ባዮፕሲ ሲሠራ ደግሞ እጢውን በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ አትክተቱት! ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆየው ይሄ ኬሚካል ተህዋሱን ይገድላል፣ ካልቸር አይበቅልም። ለካልቸር የሚሆነውን ቁራጭ በንጹህ ሳላይን (የጨው ውሃ) ለይታችሁ ላኩ። ስንት ሰው በዚህ የተነሳ ሁለተኛ ጊዜ ተቀዷል!

የኤችአይቪ ምርመራና የደረት ራጅም አብረው ይሠሩ። ሳንባው ነጻ ከሆነ በሽታው ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ሰውየውን ከቤተሰቡ መለየት አያስፈልግም።

እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ወይም ከደረት ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት በላይ የወጣ እጢ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል አይዘገይም። ሲውጡ አብሮ ከፍ ዝቅ የሚለው የታይሮይድ ነው።

ምልክት፦ መድኃኒት ተጀምሮ እብጠቱ ጨመረ

መድኃኒቱን የሚላመድ ቲቢ ካልሆነ ሕክምናው 6 ወር ነው፤ 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ 4 ወር በሁለት። በመሃል እጢው ሊያብጥ፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል። ሰው ደንግጦ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሰውነት ለሞተው ተህዋስ የሚሰጠው ምላሽ እንጂ መድኃኒቱ መክሸፉ አይደለም። አታቁሙ። ግን ሄዳችሁ ታዩ፤ በትክክል እየተዋጠ መሆኑና መድኃኒት መላመዱ መጣራት አለበት።

ሽንት ብርቱካንማ ቢሆን ሪፋምፒሲን ነው፣ ደም አይደለም። ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ክኒንንም ስለሚያዳክም ሌላ ዘዴ ጠይቁ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ትውከት ካላቆመ ወይም እይታ ከደበዘዘ ግን በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

6 ወሩን ጨርሳችሁ አተር የምታህል እጢ ብትቀር አትደንግጡ። ካላደገች ትተዋት። ካደገች ተመለሱ፣ እንደገና መርፌ ይግባባት።