ዲፈረንሻሉ ኡኡ ሲል 140 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት

መጀመሪያ ግልፅ እንዲሆን፣ ቪትዝ ምናምን የያዛችሁ ሰዎች መኪና ስር ገብታችሁ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን የጥርስ ሳጥን) እንዳትፈልጉ። የፊት ጎማ ነው የሚነዳው፣ ዲፈረንሻሉም እዛው ከካምቢዮው ጋር ነው ያለው። እኔ የማወራው ከኋላ በኩል ያ ድቡልቡል ነገር ላላቸው ነው፣ ፒካፕ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ። እኔ ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ የቆየች ሃይሉክስ አለችኝ፣ ለከብቶቹ ፉርሽካ ከከተማ አመላልስባታለሁ፣ እዚህ የምፅፈውም አብዛኛው በሷ የደረሰብኝን ነው።

ኡኡታ ከሰማችሁ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ለዩ። ነዳጅ ስትረግጡ ብቻ እየጮኸ ስትለቁት ዝም ካለ (ወይ በተቃራኒው) ኮሮናና ፒኞው (ውስጡ ያሉት ትልቁና ትንሹ ጥርስ) ላይ ነው ችግሩ፣ ወይ ዘይት ጎድሏል፣ ወይ ጥርሱ ተበልቷል፣ ወይ የፒኞው ኩሽኔታ ላልቷል። ብትረግጡም ባትረግጡም ያው ሆኖ ግን መሪውን ወደ ቀኝና ግራ ቀስ እያላችሁ ስታወዛውዙ ከፍ ዝቅ ካለ የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ዲፈረንሻሉን አትንኩት። ማርሽ ስታስገቡ ቋ ካለ ደግሞ ዘይት ምንም አያረገውም፣ ትራንስሚሽኑን (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ) በእጅ ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ክሮቼራው (የዘንጉ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ነው።

እኔ ይሄን ሳልለይ ነበር አንዱ ጋር የሄድኩት፣ ልጁ ድምፁን ሰማና "ብሮ 140 አድርግበት ዝም ይላል" አለኝ። እውነቱን ነው ዝም አለ፣ ለሶስት ሳምንት። ወፍራም ዘይት ድምፅ ያፍናል እንጂ የተበላ ጥርስ አያበቅልም። ሰጋቱራ እየጨመሩ የሚሸጡም አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ታፖውን (የዘይት ቀዳዳውን የሚዘጋውን ቡሎን) አስፈትታችሁ ጣታችሁን ከትታችሁ እዩ።

ዘይት ምረጡ ከተባለ ማኑዋሉ (የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ) ያለው ይቀድማል። ማኑዋል ከሌላችሁ ግን አብዛኛው የኋላ ዲፈረንሻል ጣሳው ላይ ጂኤል 5 (GL-5) የሚል 80 ደብሊው 90 (80W-90) ዘይት ነው የሚጠይቀው። የመጀመሪያው ቁጥር የብርድ ነው፣ 80ም ይሁን 75 እኛ ጋር ያለውን ብርድ ይችሉታል፣ የእንጦጦም ጠዋት ቢሆን። 140 ጭነት ጭኖ አፋር ለሚወርድ፣ ያውም ማኑዋሉ ከፈቀደ ነው። ጂኤል 5 የተባለው ደግሞ ለጌጥ አይደለም፣ ፒኞው ከኮሮናው መሀል ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሶቹ እየተፋተጉ ነው የሚዞሩት፣ ያን ግፊት የሚችለው ዘይቱ ውስጥ ያለው የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም ነው፣ ያ የሚሰነፍጠው ሽታ የሱ ነው። የተረፈችውን ግን ጂኤል 4 ዘይት የሚጠይቅ ማንዋል ካምቢዮ ውስጥ እንዳትጨምሩ፣ ሲንክሮናይዘሩ (ማርሽ ሲገባ ጥርሶቹን የሚያስማማው ቀለበት) ናስ ነው፣ ያ ቅመም ሊበላው ይችላል። ኤልኤስዲ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዝ) ዲፈረንሻል ያለው ሰው ስትጠመዝዙ ከኋላ ግርግርግር ካለው ያስገባው ዘይት የኤልኤስዲ ላይሆን ይችላል፣ ጣሳው ላይ ተፅፎ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ማፍሰስ። ከጎማው ውስጠኛ በኩል ወይ ከፒኞው አፍ ዘይት ሲያዘንብ ሁሉም ሰው ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ላስቲክ) ነው የሚቀይረው፣ እኔም ሁለቴ ቀየርኩ፣ ሁለቴም አፈሰሰ። ለካ ጥፋቱ ከላይ ያለችው ትንሿ መተንፈሻ ነች! የዲፈረንሻሉ አካል ላይ ኮፍያ ያላት አውራ ጣት የማታክል ነገር፣ ጭቃ ደርቆባት እንደ ሲሚንቶ ሆናለች። ዘይቱ ሲሞቅ አየሩ ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣ በሲሉ በኩል ይገፋል። በተቃራኒው ደግሞ ሐምሌ ላይ እዚህ ሜዳው ሲሞላ በጋለ ዲፈረንሻል ውሀ ውስጥ ስትገቡ ድንገት ይቀዘቅዝና ውሀውን ወደ ውስጥ ይስባል። የኔን ስፈታው ማኪያቶ ነው የወጣው፣ አረፋ ሁሉ ነበረው። መፍትሄው መተንፈሻዋን ፈትቶ በናፍጣ ማጠብ፣ በአፍ እፍ ብሎ ማለፉን ማየት፣ ከዛ ነው ሲሉን መቀየር። ማኪያቶውን አፍስሳችሁ ርካሽ ያለውን ዘይት ሞልታችሁ ትንሽ ነድታችሁ ድጋሚ አፍስሱት፣ ውሀው አንዴ በማፍሰስ ሙልጭ ብሎ አይወጣም።

ስትቀይሩ ለ15 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ አሙቁት፣ ደልዳላ ቦታ አቁሙት፣ በክሪክ ብቻ ቆሞ ስሩ እንዳትገቡ። ከዛ መጀመሪያ የላይኛውን፣ የመሙያውን ታፖ ፍቱ!! የታችኛውን ፈትታችሁ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የላይኛው ቡሎን አልፈታም ካለ መኪናዋ እዛው ቀረች ማለት ነው፣ በምን ትሞሉታላችሁ? የታችኛው ታፖ ማግኔት ካለው ያጠራቀመውን እዩት፣ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ነገር ጤነኛ ነው፣ በጣት ስታሹት የሚቆረቁር ስባሪ ካለ ዘይት ሳትገዙ መካኒክ ጥሩ። ማግኔቱን ጥረጉ፣ ራንዴላውን ቀይሩ፣ በመሙያው ቀዳዳ ዘይቱ ሞልቶ መፍሰስ እስኪጀምር ጨምሩ፣ ብዙ ፒካፕ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃዋል። እኔ በውሀና በአቧራ ስለምነዳ በየ20,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ።

አሮጌውን ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ ከብት የሚጠጣው ውሀ ነው። ማታ ስሩ ካርቶን አንጥፋችሁ እደሩ፣ ጠዋት ጠብታ ካለ ታፖውን አንዴ ጠበቅ አድርጉት።