በቡና ለቀማና በበዓላት ወራት የጅማ ቤተሰቦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ የቤተሰብ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ አንድ በዓል ወይም አንድ ሳምንት አይደለም። በጳጉሜን በተማሪ ምዝገባና በደንብ ልብስ ግዢ ይጀምራል፤ በመስከረም እንቁጣጣሽና መስቀል ይከተላሉ፤ ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላል፤ ለቀማውና ማድረቁ ኅዳርንና ታኅሣሥን ይዞ ይዘልቃል፤ ገና ሲያልፍ ደግሞ ጥር የሰርግ ወር ሆኖ ይጠብቃል። ረመዳንና ሁለቱ ኢዶች በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደሙ ስለሚመጡ፣ በአንዳንድ ዓመታት ከዚሁ ላይ ይደረባሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ወባ ከሚተላለፍበት ከ2,000 ሜትር በታች ካለው አካባቢ ውስጥ ናት፤ ዋናው የወባ ወቅትም ክረምቱ ሲያበቃ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ስለዚህ ቤቱ ከሁሉም በላይ የሚወጠርበት ጊዜና ሕመም የሚበዛበት ጊዜ አንድ ላይ ይውላሉ። ከዚህ በታች የተነሡት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ መገጣጠም ነው።

«ይህ ይለፍና» እያሉ ማስተላለፍ

የግፊት መድኃኒቱ ያለቀበት አባት «መስቀል ይለፍና እሄዳለሁ» ይላል። መስቀል ሲያልፍ ለቃሚ መቅጠር ይመጣል፤ ለቃሚው ሲገኝ የደረቀውን ቡና መሸጥ ይመጣል፤ በዚህ መካከል ኪኒን የማይወስድባቸው ሳምንታት ይቆጠራሉ። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ የሚሰማ ሕመም የሌለው በመሆኑ ሰውየው ደኅና የሆነ ይመስለዋል፤ ግፊቱ ግን መድኃኒቱ በተቋረጠ በቀናት ውስጥ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል፤ ያውም ዶሮ ወጡና ቅቅሉ ጨው በሚበዛበት፣ እንቅልፉም በሚያንስበት ጊዜ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ መጠን ሲሆን፣ በበዓል ማዕድ በአንድ ገበታ ብቻ ሊታለፍ ይችላል።

መፍትሔው ወቅቱ እስኪያልፍ መጠበቅ ሳይሆን ወቅቱ ሳይገባ መቅደም ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በቤቱ ውስጥ ያለማቋረጥ መድኃኒት የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ የማን ቀጠሮ በየትኛው ወር እንደሚውል፣ የሕፃናቱ ክትባት መቼ እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ በቂ ነው። ለበዓል ከገጠር የሚመጡ እናትና አባት መድኃኒታቸውን ሳይዙ መምጣታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ «መቼ ትመጣላችሁ?» ተብሎ ሲደወል «ኪኒንዎን ይዘው ይምጡ፣ እማዬ» የሚለው ቃል አብሮ መነገር አለበት።

ትኩሳትን «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ

በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የደከመ ሰው ራሱን ያመዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል፤ ወባም ሲጀምር እነዚህኑ ምልክቶች ይዞ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅም የዋለ ወጣት ማታ ቢንቀጠቀጥ «ብርድ መታው» ይባልና ብርድ ልብስ ይደረብለታል። ሁለቱን ቤት ውስጥ ሆኖ መለየት የሚችል ሰው የለም። የሚለየው ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ ሲሆን፣ ምርመራው በጤና ጣቢያ ብቻ ሳይሆን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ባሉበት ጤና ኬላም ይሠራል፤ ውጤቱም በዚያው ሰዓት ይታወቃል። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር የሚያስፈልገው፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በተለይ ከ5 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ብርቱ ደረጃ ሊደርስ ስለሚችል ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንደኛው ጊዜው ነው፤ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ትንኟ ከነደፈች ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ በመሆኑ፣ በግልገል ጊቤ ዙሪያ ካለው ቆላማ ስፍራ ለመስቀል የመጣ ዘመድ ሕመሙ የሚነሣበት ከተማ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ የቤቱም ሰው «እዚህ ደኅና ሆኖ ነው የሰነበተው» ብሎ ወባን ከሐሳቡ ያወጣል። ሁለተኛው መድኃኒት መዋዋስ ነው። በአካባቢያችን ፋልሲፓረምም ቪቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነትም አሉ፤ ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም። ለፋልሲፓረም ኮአርተም ለ3 ቀን ይሰጣል፤ ቪቫክስ በክሎሮኪን ይታከማል፤ ነገር ግን ተውሳኩ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል ፕሪማኪን የተባለ ተጨማሪ መድኃኒት ሐኪም እንዳዘዘው ይሰጣል። አምና ከተረፈ ፍሬ ላይ ሁለቱን ለልጅ፣ ሁለቱን ለአክስት ማካፈል እንግዲህ ማንንም አያድንም።

ሦስተኛው አጎበር ነው፤ እንግዳ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። አልጋው ለአያት ይለቀቅና ልጆቹ ሳሎን ፍራሽ ተነጥፎላቸው ያለ አጎበር ይተኛሉ። ፍራሹ ከመነጠፉ በፊት ከግድግዳው ላይ ሁለት ምስማር መትቶ ገመድ መዘርጋት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ የሚያድር ጠባቂም ከዚሁ ሊቆጠር ይገባዋል። እሸቱ ዝናብ እንዳይመታውና እንዳይሰረቅ ሌሊቱን ውጭ የሚያድረው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ወጣት ሲሆን፣ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናከሰው ደግሞ ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ለቡናው ሸራ የሚገዛ ቤት ለልጁ አጎበር መንፈጉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሒሳቡ የተገላበጠ ነው።

እንቅልፍን ከቡና ጋር መለወጥ

ቡና በበቀለበት አገር ስለ ቡና ክፉ መናገር አይቻልም፤ የምናገረውም ስለ ሰዓቱ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በአብዛኛው ሰው ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንግዳ መጥቶ አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም ከተጠጣ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የዚያ ቡና ግማሽ ኃይል ገና በሥራ ላይ ነው። እናት ተኝታ ትገላበጣለች፤ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ ምጣድ ትጥዳለች፤ ቀን ስትዝል እንደገና ቡና ይፈላል። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። በዚህ ወቅት ቤት ውስጥ የሚነሣው ጭቅጭቅ ብዙው ምክንያቱ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ሳይሆን እንቅልፍ ማጣት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ስለዚህ የቡናው ሥርዓት ይቅር ማለት ሳይሆን ከሰዓት በፊት ወይም ቢዘገይ 8 ሰዓት ላይ ይሁን ማለት ይቻላል፤ አመሻሽ ላይ ለሚመጣ እንግዳ ጠጅ ሳር ወይም ዝንጅብል ፈልቶ ቢቀርብ የሚቀየም የለም። ሌሊት ለመትጋት ጫት የሚቅሙም አሉ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍንም ያሳጣል፤ በተለይ ግፊት ላለበት ሰው የተገኘው የሥራ ሰዓት በማግስቱ ይከፈላል። በነገራችን ላይ፣ ነፍሰ ጡር ሴት የምትወስደው የአይረን ኪኒን ከቡናና ከሻይ ጋር ሲወሰድ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ስለሚቀንስ፣ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ያስፈልገዋል።

ሥራውን ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን

የሐሙስ ገበያ ወርዶ ሽንኩርት፣ ዶሮና ቅቤ መግዛት፣ በርበሬ ማዘጋጀት፣ ዶሮውን 12 ብልት አውጥቶ ማጠብ፣ እንጀራ መጋገር፣ የልጆችን ልብስ ማጠብ፣ እንግዳ መቀበል፣ ለለቃሚዎች ምሳ መላክ፤ ይህ ሁሉ በብዙ ቤቶች የአንዲት ሴት ሥራ ነው። ራሷም «እኔ ካልሠራሁት አይጥምም» ስለምትል፣ ሌላው ሰው ይህን ቃል እንደ ፈቃድ ይዞ ይቀመጣል። ድካሟ የሚታወቀው ከታመመች በኋላ ነው።

«ላግዝሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ተወው» ነው። የሚጠቅመው ሥራውን ከነኃላፊነቱ መውሰድ ነው። የልጆቹ ደብተር፣ ጫማና የትምህርት ቤት ክፍያ የአባት ከሆነ፣ ማስታወሱም የአባት መሆን አለበት። ሽንኩርት መላጥና መክተፍ የበኩር ልጁ ከሆነ፣ ወንድ ልጅ ሽንኩርት ሲከትፍ የሚስቅ አጎት ቢመጣ አጎትዬውም ቢላዋ ተሰጥቶት ይቀመጥ። እንጀራን ከጎረቤት ወይም ከሚሸጡ ሴቶች መግዛት በበዓል ሰሞን ነውር ሆኖ የሚታይበት ቤት አለ፤ ይህ ነውር ቢቀር አንድ ሙሉ ሌሊት ይተርፋል።

የከሰል ምድጃን ዘግቶ ማደር

ይህ በአጭሩ የሚነገር ነገር ግን ሰው የሚገድል ስህተት ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ገና ስላልለቀቀ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ቡና የተፈላበት ከሰልም «ቤቱን ያሙቀው» ተብሎ ልጆች ወደ ተኙበት ክፍል ይገባል። ያልከሰመ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ፍም ያለበት ምድጃ ሰው በሚተኛበት ክፍል አያድርም፤ መስኮት በመጠኑ ከፍቶ ማስቀመጥም አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ወጥተው ወደ ሕክምና መሄድ አለባቸው።

በጾምና በፍስክ ሰውነትን መዘንጋት

የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ የሚዘልቅ በመሆኑ ከቡና ለቀማው ጋር አንድ ላይ ይውላል። ጤነኛ ሰው ጾሙን ችሎ ይሠራል፤ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን ሳይበላ ተዳፋት ላይ ሲለቅም ቢውል ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት ከታየበት፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወዲያው ይሰጠዋል። ረመዳንን የሚጾም የስኳር ሕመምተኛም ሐኪሙን ማነጋገር ያለበት ወሩ ሳይገባ ነው፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሊቀየር ይችላልና። ታማሚን ከጾም ግዴታ ነጻ ማድረግን የሁለቱም ሃይማኖቶች አባቶች የሚያውቁት ጉዳይ ስለሆነ፣ ማፈር አያስፈልግም።

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያስይዛል፤ ትሉን የሚገድለው በደንብ መብሰል ነው፤ አዋዜና ሚጥሚጣ አይገድሉትም። የተረፈ ወጥ ምድጃ ላይ አድሮ ጠዋት ለብ ተደርጎ ከሚበላ፣ ማታውኑ ቀዝቃዛ ቦታ ገብቶ ሲበላ እስኪፈላ ድረስ ቢሞቅ ይሻላል። ተቅማጥ ለጀመረው ልጅ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ይሰጣል፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየው ይደፋል።

ለሁሉም «እሺ» ማለት

ሰርግ፣ ልቅሶ፣ ክርስትና፣ ማኅበር፣ የእድር ስብሰባ፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይጠራሉ። ልቅሶ አይቀርም፤ ይህን ማንም አያከራክርም። ለቀረው ግን ቤተሰቡ ተከፋፍሎ መድረስ ይችላል፤ አንዱ ሰርግ ሲሄድ ሌላው ቤት ይውላል፤ ሕፃን ያላት እናት ደግሞ በማግስቱ ደውላ እንኳን ደስ ያላችሁ ብትል ወጉ ተፈጽሟል። ስጦታንና ድግስን በብድር ማድረግም የዚሁ ስህተት ሌላ ገጽታ ነው። ቡናው ገና ሳይለቀም በሽያጩ ተስፋ የተበደረ ሰው ዋጋው በወረደ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል፤ ለድግሱ የሚወጣው ገንዘብ ጣሪያ ባልና ሚስት ተቀምጠው አስቀድመው ቢወስኑት፣ ቡናው በእጅ ሳይገባ ገንዘቡ አያልቅም።

በበዓል ቀን ሕክምና የለም ብሎ መጠበቅ

«ነገ ይከፈታል» ተብሎ የሚታደርበት ሕመም አለ፤ የማይታደርበትም አለ። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው ሕፃን፣ የሚያንዘፈዝፈው ወይም ራሱን የሳተ ሰው፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የጨመቀው፣ አፉ የተጣመመ ወይም አንድ ጎኑ የደከመ፣ ደም የሚፈሳት ነፍሰ ጡር፤ እነዚህ በበዓልም ሆነ በሌሊት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል በበዓልም ይሠራል። በበዓል ዋዜማ ግን ባጃጅ ማግኘት ከባድ ስለሚሆን፣ በሰፈሩ የሚያድር የአንድ ወይም የሁለት ባጃጅ ሹፌሮች ስልክ ቁጥር በዚያው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ቢጻፍ፣ ከቤቱ ሰዎች ማንኛውም፣ ማንበብ የሚችለው ልጅም ጭምር፣ ሊደውል ይችላል።