ቋሚ አድራሻ የሌላቸው የጎንደር መራጮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት «ቤት የለኝምና ምርጫ አይመለከተኝም» ብሎ ከምዝገባ መቅረት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ኢትዮጵያዊ የመምረጥ መብት ሲሰጥ የቤት ካርታም የኪራይ ውልም አልጠየቀም። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011ም የሚጠይቀው በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ለ6 ወራት መኖርን ነው። ፒያሳ በረንዳ ላይ የሚያድረው ሊስትሮ፣ ቀን ቅዳሜ ገበያ ሲሸከም ውሎ ማታ በደባልነት የሚጠጋው ተሸካሚ፣ ሁለቱም የሚኖሩት ጎንደር ነው።

ሁለተኛው ስህተት መሸኛን መጠበቅ ሲሆን ብዙ ሰው ምዝገባው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ለአቋቋም (ለቤተ ክርስቲያን ዜማ) ትምህርት ከጎጃም ወይም ከወሎ መጥቶ በአታ አካባቢ ባለች ጎጆ የሚኖር የአብነት ተማሪ ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ ሳይዝ ስለሚመጣ የጎንደር ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል፤ ያለ መታወቂያም መመዝገብ የማይቻል ይመስለዋልና ዓመታት የኖረበት ከተማ ሲመርጥ ዳር ቆሞ ያያል። እንዲህ ያለ ሰው ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን በእጁ ያለውን መታወቂያ ወይም ማንነቱን የሚያሳይ ሌላ ሰነድ ይዞ፣ በአካባቢው መኖሩን ከሚያውቁ ሰዎች፣ ለምሳሌ ከየኔታውና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ወደ ምርጫ ጣቢያው ሊቀርብ ይገባል። ምስክሮቹን አስቀድሞ ማነጋገር እንጂ በመዝጊያው ቀን መፈለግ አይበጅም።

የ6 ወሩን ቆጠራ ማሳሳትም የተለመደ ነው። ጊዜው የሚቆጠረው በምርጫ ክልሉ ውስጥ በመኖር ስለሆነ፣ የክፍል ኪራይ ሲወደድበት ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው በዚያው ምርጫ ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ ከአንድ ብሎ አይጀምርም።

ለጥንቃቄ ሲባል በትውልድ መንደርም በጎንደርም መመዝገብ ግን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ምዝገባው በአንድ ጣቢያ ብቻ፣ በራሱ በመራጩ የሚፈጸም በመሆኑ ወንድም ወይም ጓደኛ መላክም አያዋጣም። ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው፤ አዋጁ ለእነርሱ ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳልና እንደ ተራ ነዋሪ ከመሰለፋቸው በፊት ይህንኑ ይጠይቁ።

የምርጫው ቀን ከሥራ ጉዞ ጋር ሊጋጭም ይችላል፤ ለምሳሌ ስድስተኛው አገራዊ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የቀን ሠራተኛው በአዘዞ በኩል ለእርሻ ሥራ ወደ መተማ መውረድ ይጀምራል። ጎንደር የተመዘገበ ሰው መተማ ሆኖ ድምፅ መስጠት ስለማይችል የጉዞውን ቀን ከወዲሁ ማሰብ አለበት። የመራጭነት ካርዱንም በረንዳ የሚያድር ሰው ከዝናብና ከሌባ ለማዳን ለሚያምነው ባለሱቅ በአደራ ቢሰጥ ይሻለዋል፤ ከጠፋበትም የምርጫው ቀን ሳይደርስ ለተመዘገበበት ጣቢያ ያሳውቅ።