ለብርድ ወራት የሚደርስ ድንች በላስቲክ ቤት ውስጥ

ድንችን ዘግይቶ የሚተክል ሰው ከሁሉ በፊት ቀን መቁጠር አለበት። ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች ከተተከሉ በኋላ ከ11 እስከ 13 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ቀኑ እያጠረ ፀሐዩም እየደከመ ሲሄድ አንድ ሁለት ሳምንት ይጨምራሉ። ስለዚህ በአካባቢያችሁ የመጀመሪያው ውርጭ የሚወርድበትን ጊዜ ያዙና 14 ሳምንት ወደኋላ ቁጠሩ። ውርጭ ኅዳር ላይ በሚጀምርበት አገር መትከያው ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ይውላል። ዘግይተው የሚደርሱ ዝርያዎችን ለዚህ ሥራ አትሞክሩ። ላስቲኩ ብርዱን ያለዝባል እንጂ የጎደለውን ብርሃን አይተካም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ዘሩ ላይ ነው። በቅርቡ የተቆፈረ ድንች እንቅልፍ ላይ ስለሚሆን ብትተክሉት ሁለት ሦስት ወር ሳይበቅል አፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወቅቱ አልፏል። የሚያስፈልጋችሁ ካለፈው ምርት ተመርጦ በቀዝቃዛ ቦታ የቆየና እንቅልፉን የጨረሰ ዘር ነው። ለምግብ የተሸጠ ድንች እንዳያጎነቁል መድኃኒት የነካው ወይም ቫይረስ የያዘ ሊሆን ስለሚችል ባይታመን ይሻላል። የእንቁላል መጠን ያላቸውን ዘሮች ቀጥተኛ ፀሐይ በማይነካው ብሩህ ቦታ አንድ ረድፍ አድርጋችሁ ደርድሯቸው። ጎንቁሉ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ አጭርና ወፍራም ሆኖ ሲታይ፣ ይተከላል። ጨለማ ውስጥ የወጣ ነጭና ረጅም ጎንቁል ሲተክሉት ይሰበራል። ዘሩን ቆርጣችሁ አትትከሉ፤ በዚህ ወቅት አፈሩ ገና ሞቃት ስለሆነ የተቆረጠው ፊት ቶሎ ይበሰብሳል።

ለዚህ ዓይነቱ ድንች ከመደብ ይልቅ ከረጢት ወይም ትልቅ ባልዲ ይመረጣል። ምክንያቱ ሙቀት ነው፤ ድንች ፍሬ የሚይዘው አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ከሥር ግን ምንም የለም። በሞቃት ቀን የተዘጋ ላስቲክ ቤት ደግሞ እዚያ ለመድረስ ሰዓት አይፈጅበትም። ስለዚህ ከረጢቶቹን መጀመሪያ ውጭ አቆዩአቸው፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሲወርድ ታስገቧቸዋላችሁ። መደብ ላይ የተከለ ሰው የላስቲኩን ጎን እስከዚያ ድረስ ገልጦ ይተው፤ ርቀቱ በተክሎች መካከል 30፣ በመስመሮች መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

40 ሊትር የሚይዝ ከረጢት ሦስት ዘር ይበቃዋል፣ 10 ሊትር ባልዲ አንድ። አራተኛ ዘር መጨመር ትንንሽ ድንች ማብዛት ነው። ከታች የጣት ውፍረት ያላቸው ስድስት ሰባት ቀዳዳዎች ይኑሩት። ግማሽ ለም አፈርና ግማሽ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ያልበሰለ ፍግ አትጨምሩ። ዩሪያም ከበዛ ጉልበቱ ሁሉ ቅጠል ላይ ይቀራል። አመድ ለድንች ጥሩ ነው የሚባለውም ልክ አለው፤ ፖታሽ የሚባለውን የተክል ምግብ ቢሰጥም የአፈሩን አሲድነት ስለሚቀንስ የድንቹን ልጣጭ የሚያቆረፍድ የእከክ በሽታ ይጋብዛል።

15 ሴንቲ ሜትር አፈር ሙሉ፣ ዘሩን ጎንቁሉ ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ 10 ሴንቲ ሜትር አልብሱት። ቡቃያው 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ብቻ አስቀርታችሁ አፈር አስታቅፉ፤ ከረጢቱ አፍ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ይህንኑ ድገሙ። ውኃ ጠዋት ጠዋት፣ ከሥር፣ ቅጠሉን ሳትነኩ አጠጡ። ፍሬ በሚይዝበት ሰሞን አፈሩ ከደረቀ እከኩ ይብሳል፤ ብርዱ ሲገባ ግን ተክሉ የሚጠጣው ስለሚቀንስ እናንተም ቀንሱ።

ከረጢቱ ላስቲክ ቤት ከገባ በኋላ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ማታ የተዘጋ ላስቲክ ጠዋት ውስጡን ላብ ያወጣል፤ ጠብታው ቅጠል ላይ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ ምች (ሌት ብላይት የሚባለው) መነሻ አገኘ ማለት ነው። በሽታው ቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ላይ ውኃ የቋጠረ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምራል፤ ቅጠሉን ጠዋት ገልብጣችሁ ስታዩት በነጠብጣቡ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ይታያል። መከላከያው አየር ነው፤ ብርድ ቢሆንም እንኳ ሁለቱንም በር ረፋድ ላይ ክፈቱ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ዝጉ። በሽታው ከተስፋፋ አትዘግዩ፦ ግንዱን ከአፈሩ ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡ፣ ከቤቱ አውጡ፣ ድንቹን ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሳትነኩት ቆዩ። ወዲያው ከተቆፈረ በሽታው ከአፈሩ ገጽ ወደ ድንቹ ይጋባል።

ውርጭ በሚያሰጋ ሌሊት ላስቲኩ ብቻውን አይበቃም። ቅጠሉ ላይ ስስ ጨርቅ ወይም ጆንያ ጣሉ፣ ጠዋት አንሱ። ላስቲኩን የነካ ቅጠል ቀድሞ ስለሚቃጠል ከግድግዳው አርቁት። ከረጢት የሚቀዘቅዘው በጎኑ ነው፤ አጠጋግታችሁ ዙሪያውን 15 ሴንቲ ሜትር ገለባ ክመሩበት።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ግንዱን ቁረጡና ውኃ አቁሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን አውጥታችሁ በአውራ ጣት እሹት፤ ልጣጩ ካልተላጠ ደርሷል። አፈሩ እስካልቀዘቀዘ ድረስ ድንቹ በከረጢቱ ውስጥ ቆይቶ እንደ ፍላጎታችሁ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ጨለማና አየር ያለበት ቦታ ይቀመጥ። ፍሪጅ አይሆንም፤ ከ4 ዲግሪ በታች ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ሲጠበስ ይጠቁራል። ብርሃን አግኝቶ የአረንጓዴ መልክ የያዘውን አትብሉ። አፈሩን ስትገለብጡ ጥቃቅኗን ድንች ሳይቀር ልቀሙ፤ ታማ የቀረች አንዲት ፍሬ ምችን ለሚቀጥለው ወቅት ታሻግራለች። ያንን አፈር መልሳችሁ ለድንችም ለቲማቲምም አትጠቀሙበት፤ ለጎመን ወይም ለሽንኩርት ይሆናል።