ሐረር ላይ ፎቶ ማንሳት፦ ሶስት ቀን፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ሰፈር

ጉዞም ፎቶም የምትወዱ ግን ከየት እንደምትጀምሩ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ የዓመት ፈቃዴን ሳገኝ ስልኬንና አንድ ቦርሳ ይዤ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ግን ሐረርን ደጋግሜ ስለሄድኩባት እዛ ምን እንደሚሰራና ምን እንደማይሰራ በደንብ አውቃለሁ። ስለዚህ በሷ ላሳያችሁ፣ ሌላ ቦታ ስትሄዱ ደግሞ እንደየሁኔታው ትቀያይሩታላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ሶስት ቀን ካላችሁ ሶስት ከተማ አትሂዱ። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እንደዛ ነበር የማደርገው፣ ጠዋት አንዱ ጋ ከሰዓት ሌላው ጋ፣ ቤት ስመለስ ስልኬ ላይ ስምንት መቶ ምናምን ፎቶ ይኖራል ግን የአንዱንም ሰው ስም አላውቅም፣ በር ነው ግድግዳ ነው የሰው ጀርባ ነው። አሁን አንድ ሰፈር እመርጥና እዛው ሶስቴ አራቴ እመላለሳለሁ። አዲስ ነገር የሚመጣው ሁለተኛውና ሶስተኛው ቀን ላይ ነው፣ ሰውም ፊታችሁን ይለምዳል፣ እናንተም የቱ ግድግዳ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያምር ታውቃላችሁ።

ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ ባቡሩን ሞክሩ። ከለቡ ተነስቶ ድሬዳዋ የሚያደርሰው የጅቡቲው መስመር ነው፣ የጉዞውን ቀንና ሰዓት ቀድማችሁ አጣሩ፣ ቲኬቱንም ቀድማችሁ ያዙ። መስኮት ጋ መቀመጥ የግድ ነው ምክንያቱም መተሐራ አካባቢ በሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ተራራ ይመጣሉ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ውሃ፣ ተራራ አንድ ላይ። በመስታወት ውስጥ ስታነሱ የስልኩን ሌንስ መስታወቱ ላይ ለጠፍ አድርጉት፣ ካልሆነ የራሳችሁ ፊትና የመብራቱ ነጸብራቅ ይገባል። ጠቆር ያለ ልብስ መልበስም ይረዳል። ቅርብ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ብዥ ስለሚል ራቅ ያለውን አንሱ። ባቡሩ የሚያቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ከዛ ባጃጅ ወይ ሚኒባስ ነው የምትይዙት።

ድሬ አንድ ሌሊት እደሩ። ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ከፊራ ገበያ ግቡ፣ ከሶስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ፊትን ሁሉ ጥላ ታደርገዋለች። ድሬዎች ደግሞ ሰው አይሸሹም፣ "አቦ አንሳኝ እንጂ!" የሚላችሁ አይጠፋም፣ ፎቶ ለማንሳት ለሚያፍር ሰው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ከተማ የለም ባይ ነኝ። ፈጢራ በማር ቁርስ በልታችሁ ወደ ሐረር ሚኒባስ ያዙ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ደንገጎን ስትወጡ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ ድሬ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ ስለዚህ ለማታ ሹራብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው። ጀጎል የሚባለው በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ነው፣ ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ነው ያስገነቡት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፣ ውስጡ 82 መስጊድ አለ። አምስቱ ነባር በሮች ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር ናቸው። የመጀመሪያውን ከሰዓት ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ከታችሁ ዝም ብላችሁ ዙሩ። ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ግድግዳው ሁሉ ይጣራል፣ ግን ተዉት። በአንዱ በር ገብታችሁ በሌላው ውጡ፣ ጥፉ፣ ትንሽ ከተማ ስለሆነች ቁልቁል ከወረዳችሁ አንዱ በር ጋ ትደርሳላችሁ፣ ሽቅብ ከወጣችሁ ደግሞ መሃል ያለው አደባባይ፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ ብቅ ትላላችሁ። ሐልዋ ግዙ፣ የባቢሌ ለውዝ ግዙ፣ ሰላም በሉ። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ የሚገባ ሰውና ካሜራ አስቀድሞ የሚገባ ሰው አንድ ዓይነት አቀባበል አያገኙም።

ስለ ብርሃን ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ግማሹ ስራ እሱ ነው። እኛ ሀገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው ቀጥ ብላም ነው የምትጠልቀው፣ ያ ወርቃማ የሚባለው ብርሃን ቶሎ ያልፋል፣ ሌላ ሀገር የተጻፈ ምክር አንብባችሁ ገና ጊዜ አለኝ ብላችሁ ሻይ ከያዛችሁ አመለጣችሁ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት፣ ከሰዓት ደግሞ ከአስር ተኩል በኋላ ሜዳ ላይ ሁኑ፣ በሮቹ ጋ፣ ገበያው ጋ። ቀትር ላይ ሌላ ከተማ ብትሆኑ ገብታችሁ ተኙ ነበር የምላችሁ፣ ጀጎል ግን ቀትር ላይ ነው ጉዷ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፉ አሉ፣ ግድግዳዎቹ ደግሞ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ ተቀብተዋል። ፀሐይዋ አንደኛውን ግድግዳ ስትመታው ብርሃኑ ተንጸባርቆ ጥላው ውስጥ ያለው ሰው ፊት ላይ ያርፋል፣ በጣም ለስላሳ ሆኖ፣ ትንሽ የግድግዳውን ቀለም ይዞ። ሰውዬው ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ፊቱ ፀሐይ ወደመታው ግድግዳ ይዙር፣ እናንተ ጀርባችሁን ለዛ ግድግዳ ሰጥታችሁ አንሱ። ስቱዲዮ ያለ መብራት ማለት ነው።

ሌላው ስልክ ላይ የሚያስቸግረው የኛን ፊት ማጥቆሩ ነው፣ በተለይ ከኋላ ነጭ ግድግዳ ወይ ሰማይ ካለ ስልኩ ነጩን አይቶ ሁሉንም ያጨልመዋል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ፊቱ ላይ በጣታችሁ ነካ አድርጋችሁ ያዙት፣ እስኪቆለፍ፣ ከዛ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ግፏት። ግድግዳው ትንሽ ቢነጣ ምንም አይደለም፣ የሰውየው ዓይን ይታይ። ዙም አታድርጉ፣ በእግራችሁ ቅረቡ፣ ርካሽ ስልክ ላይ ዙም ምስሉን ያበላሸዋል። ሌንሱን ደግሞ ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ስልኬ ጉም ያነሳል ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው የጣት ቅባት ነው።

እና መኪና ግርግር። ይሄ ልብስ ሰፊዎቹ የተደረደሩበት መንገድ ነው፣ ስሙም የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፣ ግርግርግር። ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ስትገቡ ሴቶች በርካታ ቀለም ያለው ጨርቅ ተሸክመው ይመጣሉ፣ እዛው ቆመው ያሰፋሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሄዳሉ። እዛ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ መጀመሪያ ቀን ከሩቅ ስልኬን ሳነሳ አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ። ምንም አላሉኝም፣ ዝም ብለው ነው ያዞሩት፣ እኔም ስልኩን አስገብቼ ሄድኩ። በማግስቱ ሱሪዬን ማሳጠር ስለነበረብኝ ይዤው ሄድኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ስልኬን አላወጣሁም። ጆሯቸው ላይ የተሰካች ቾክ አለች፣ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ መኪናው ላይ የነበረው ወርቃማ ጽሑፍ እጃቸው በሚያርፍበት በኩል ብቻ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። ስለዛ ጠየቅኳቸው፣ "አባባ ይሄ መኪና ስንት ዓመቱ ነው?" ስላቸው "ከልጆቼ ይበልጣል" አሉኝ፣ ከዛ ወሬው ቀጠለ። ሶስተኛው ቀን ሳልፍ ራሳቸው ጠሩኝና "ልጄ፣ ያንን ፎቶህን አታነሳም እንዴ?" አሉ። ያነሳሁት ፊታቸውንም እጃቸውንም ነው፣ ግን የምወደው እጃቸው ያለበት ነው፣ ያ የጠፋው ወርቅ ጋ፣ ስር ብርቱካናማ ጨርቅ፣ ብርሃኑ ከማዶው ግድግዳ ተመልሶ። መጀመሪያ ቀን ቢፈቅዱልኝ ኖሮ ይሄንን አላየውም ነበር፣ የሆነ ሽማግሌ አንስቼ አልፍ ነበር።

ስለዚህ ፈቃድ ጠይቁ፣ ቋንቋ ባይኖር እንኳ ስልኩን አሳይቶ ዓይን ዓይናቸውን ማየት በቂ ነው። እጅ ፊት ላይ ከሄደ ወይ ሻሽ ከተጎተተ አይሆንም ማለት ነው፣ ደግማችሁ አትጠይቁ። ልጅ ከሆነ እናቱን ወይ አባቱን ጠይቁ። ፍራንክ ስጡኝ የሚል ካጋጠማችሁ እኔ ለፎቶ ብቻ ብዬ አልከፍልም፣ የሚሸጡት ነገር ካለ እገዛለሁ፣ እየገዛሁ አወራለሁ፣ ይሄ የኔ ምርጫ ነው እናንተ እንደመሰላችሁ። ወታደር፣ ኬላ፣ ድልድይ፣ ኤርፖርት በፍጹም፣ ድሮንም ያለ ፈቃድ ይዛችሁ አትሂዱ።

ከተቻለ ጀጎል ውስጥ ያለ የሐረሪ ባህላዊ ቤት እደሩ፣ እንግዳ የሚቀበሉ ቤተሰቦች አሉ። ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ አለው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፣ ግድግዳው ላይ የተሰፋ ሰፌድና ሙዳይ እስከ ጣሪያው ተሰቅሏል። መደቡ ቀይ ነው፣ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ሲሉ ትሰማላችሁ፣ እሱን ከሰማችሁ በኋላ ያንን ቀይ እንደ ጌጥ ብቻ አታዩትም። ውስጡ ጨለም ስለሚል ፍላሽ አታብሩ፣ ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፉ፣ በሶስት ሰከንድ ታይመር አንሱ፣ ብርሃኑ ከበሩ ብቻ ይግባ። ሆጃ ካቀረቡላችሁ ጠጡ፣ በወተት የሚፈላ ትኩስ መጠጥ ነው፣ ጠዋት ጠዋት አሁንም ይናፍቀኛል።

ራምቦ ቤት የሚባለውንም እዩ፣ ቤቱ ራሱ ደስ ይላል የድሮ የሐረር ፎቶዎችም አሉበት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር በንግድ ላይ እያለ ከሊዮን ካሜራ አስመጥቶ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን ሶስት ቦታ አንስቶ ለቤተሰቦቹ ላከ፣ ሰገነት ላይ፣ ቡና ተክል ውስጥ፣ ሙዝ ተክል ውስጥ፣ እና የማጥቢያው ውሃ መጥፎ ስለነበረ ሁሉም ነጭ ሆኑብኝ ብሎ ጻፈላቸው። አማተር ሁሌም አማተር ነው፣ እኔ ይሄን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ማታ ጅብ። ከግንቡ ውጪ ከመሸ በኋላ ስጋ በእንጨት ይዘው የሚያበሉ አሉ፣ ቀን ላይ ባጃጅ ተነጋገሩ ዋጋውንም ቀድማችሁ ጨርሱ። ብርሃን የሚኖረው የባጃጁ ወይ የመኪናው መብራት ነው፣ መብራቱ ከጎን እንዲመጣ ሹፌሩን ለምኑት፣ ከፊት ከሆነ የጅቡ ዓይን ብቻ ነው የሚያበራው ፀጉሩ ሁሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ናይት ሞድ አትጠቀሙ፣ ጅብ ቆሞ አይጠብቅም። ስልካችሁ ፕሮ ሞድ (ሁሉንም በእጅ የምታስተካክሉበት) ካለው አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 1600 ወይ 3200፣ ሻተሩን፣ ማለትም የማንሻ ፍጥነቱን፣ 1/125 ሰከንድ አካባቢ አድርጉና ደጋግማችሁ ተኩሱ፣ ሰላሳ ብታነሱ ሁለት ይሳካል። ፕሮ ሞድ ከሌለው ቪዲዮ ቅረጹና በኋላ ፍሬም አውጡ። ከዛ ግን ስልኩን አስቀምጡና እንጨቱን ራሳችሁ ያዙ፣ ጅቡ ስጋውን ሲነጥቅ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ ጉልበት ፎቶ ላይ አይገኝም።

ማታ ማታ የማይረቡትን አጥፉ፣ የቀሩትን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ፣ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ ካልሆነ ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ዋይፋይ ከሌለ ሜሞሪ ካርድ ላይ ገልብጡ። ፓወር ባንክ አትርሱ፣ መብራት ይጠፋል።

የመጨረሻው ነገር ማሳጠብ ነው። አብዛኛው ሰው "ፎቶውን እልክልሃለሁ" ይላል አይልክም፣ የጀጎል ሰውም ይሄን ስንቴ ሰምቶታል። አዲስ አበባ እንደተመለሳችሁ ፎቶ ቤት ግቡ፣ የሶስት አራት ሰው አሳጥባችሁ ወደዛ በሚሄድ ሰው ላኩ። የልብስ ሰፊውን እንደዛ ልኬ በሚቀጥለው ስሄድ በላስቲክ ጠቅልለው መኪናው አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቻቸው "የኛስ?" አሉኝ፣ አራት ናቸው፣ አራቱንም አንስቻቸዋለሁ። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን የሸዋል ጾም ሲያልቅ ሹዋሊድ ይከበራል፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የመዘገበው በዓል ማለት ነው፣ እሱን ለማየት ልመለስ ነው፣ አራቱ ፎቶ ታጥቦ በስማቸው ፖስታ ውስጥ ገብቷል፣ ቦርሳዬ ላይ ነው።